የባሮው ተጠርጣሪ

በ1958 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 2 ቀን ነበር። ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጥቂት ወጣት አሜሪካውያን ጋምቤላ ላይ ባሮ ወንዝ ገብተው ይዋኙ ነበር። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበታትነው ከሚያገለግሉት መቶዎች መካከል። ጋምቤላ ያን ጊዜ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ቆላ ናት፤ ከደጋው ለወረደ ሰው ሙቀቷ ራሱ ወደ ውሃ ይገፋል። ባሮ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ሌላ ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ዛፍ ነቅሎ የሚሄደው ውሃ ሰብሰብ ይላል፣ አሸዋው ይወጣል፣ ድንጋዩ ይታያል፣ ከደረት የማያልፍ ቦታ ይበዛል። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ እንዲህ ያለው ነው።

ወጣቶቹ ቦታው አዞ እንዳለበት ተነግሯቸዋል። አልሰሙም ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ ግን በዚያው ወንዝ የአገሬው ሰው ሲታጠብ፣ ሲቀዳ፣ በታንኳ ሲሻገር እያዩ ነው። ሁሉም የሚገባበትን ውሃ እኔ ብቻ ልፍራ የሚል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ብዙ አይገኝም።

ከዳርቻው የሚመለከታቸው አንድ ሰው ነበር። ካርል ሉቲ ይባላል፤ ሥራው ደንበኞችን እየመራ አውሬ ማሳደን ነው። በሙያው ምክንያት ዓይኑ ውሃውን የሚያየው እንደ ዋናተኛ አይደለም። በኋላ በሰጠው ምስክርነት እንደተናገረው፣ ዋናተኞቹ አንድ በአንድ ከመሀል ሲርቁ ቢል ኦልሰን የተባለው ወጣት ብቻውን ቀረ። ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሰውነቱን ወደ ወራጁ ዘንበል አድርጓል፤ ውሃው ደረቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ እጆቹን አጣጥፎ የሆነ ነገር የሚያስብ ይመስላል። ሉቲ ዓይኑን ለአፍታ አነሣ። መልሶ ሲያይ ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ጩኸት አልነበረም፣ መንፈራገጥም አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ አዞው ብቅ አለ፤ በመንጋጋው የያዘው ምን እንደሆነ የሚያጠራጥር አልነበረም። ደጋግሞ ወጣ፣ ደጋግሞ ሰጠመ። ዳር የቆሙት ሰዎች እያወቀ የሚያሳያቸው፣ የሚፎክርባቸው መሰላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሉቲ አዞውን አግኝቶ ተኮሰበት። ከውሃው ሲጎተት ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል ነበር፤ ለባሮ ትልቅ ነው፣ ግን ተረት የሚያሰኝ አይደለም። ሆዱ ተከፈተ። ዝርዝሩ በፎቶግራፍ ጭምር ታትሞ ወጥቷል፤ እዚህ አልደግመውም። ለጉዳዩ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ማስረጃው ተገኘ፤ ተጠርጣሪው ገዳዩ ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ።

በአንድ ቀን ልዩነት ገዳዩ ታወቀ፣ ተያዘ፣ ማስረጃው ከሆዱ ወጣ፣ ምስክሩ ቃሉን ሰጠ። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ እንኳ ይህን ያህል የተሟላ መዝገብ ለመርማሪው አይሰጠውም። ታሪኩም ከጋምቤላ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ሩዶልፍ ሐይቅ ላይ፣ የእኛው ኦሞ በሚገባበት ቱርካና ማለት ነው፣ አዞዎችን ሲያጠና የከረመው አሊስተር ግራሃም ከፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ቢርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የባሮው ጉዳይ ከነምስሉ ገባ። ዛሬም ስለ አዞና ስለ ሰው የሚጽፍ ሁሉ ጋምቤላን የሚያነሣው በዚህ አንድ ረቡዕ ምክንያት ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ በጎን የምታልፍ አንዲት ነገር ናት። ነዋሪዎቹ አዞው ከዚያ በፊትም ሰው እንደወሰደ ተናግረዋል፦ አንድ ሕፃንና አንዲት ሴት። ስማቸው የለም። ዕድሜያቸው፣ ቀኑ፣ የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደነበሩ የለም። ሉቲን የመሰለ ተኳሽ አልመጣላቸውም፤ የማንም ሆድ አልተከፈተላቸውም።

ስንት ሲሆን ነው ተከታታይ የሚባለው?

የወንጀል ጥናት ሰዎች ተከታታይ ገዳይ ለማለት ስንት ሟች ያስፈልጋል በሚለው ብዙ ተከራክረዋል። አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው አራት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2005 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከተወያየ በኋላ ቁጥሩን ዝቅ አደረገው፦ በተለያየ ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የገደለ አንድ ገዳይ። በዚህ መለኪያ፣ የነዋሪዎቹ ቃል እውነት ከሆነ፣ የባሮው አዞ ኦልሰን ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት መስፈርቱን አሟልቷል። አዞ ሕሊና የለውም፣ ክፋትም የለውም፤ ሲርበው ይበላል። ቃሉን የምጠቀምበት መርማሪዎች በተከታታይ ገዳይ ላይ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እዚህም ስለሚሠሩ ነው። አንድ ነው ወይስ ብዙ? የት ያደባል? በሁለቱ ግድያዎች መካከል የት ከረመ? ሟቾቹን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። አዞ ሰውነቱን ከውስጥ የሚያሞቅ እንስሳ አይደለም፤ ከፀሐይ ይሞቃል፣ ስለዚህ የሚያቃጥለው ምግብ ጥቂት ነው። ትልቅ አዞ አንዴ በደንብ ከበላ ለወራት ሊጾም ይችላል። ይህ ማለት አንድ ቦታ ላይ ጥር ወር የጠፋችውን ሴትና ሰኔ ላይ የጠፋውን ልጅ ያው አዞ ወስዷቸው ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉ ግን አምስት ወር ሙሉ ሰው በሰላም ይቀዳል፣ ይታጠባል፣ ይረሳል። መርሳቱ የሞኝነት አይደለም። ውሃ በየቀኑ ያስፈልጋል።

አደጋውን የሚያደርስበት መንገድም ማስረጃ እንዳይቀር የተበጀ ይመስላል። የናይል አዞ ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ከጭንቅላቱ አናት ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ናቸው፤ ሰውነቱ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ እነሱ ብቻ ይወጣሉ። ሳይንቀሳቀስ ከተኛ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይተነፍስ መቆየት ይችላል። ዒላማውን ካየ በኋላ ይሰጥማል፤ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሚጨርሰው ከሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአዞ ዘሮችን ሁሉ የንክሻ ልኬት አሳትመው ነበር፤ ከፍተኛው የተመዘገበው ከአንድ የባሕር አዞ ሲሆን፣ ከ1,600 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት እንደ መጫን ነው። የናይል አዞ የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። በአንጻሩ አፉን የሚከፍቱት ጡንቻዎች ደካማ ስለሆኑ የተዘጋ አፉን በፕላስተር ጠቅልሎ መያዝ ይቻላል። ኃይሉ በሙሉ የተከማቸው መዝጋቱ ላይ ነው።

የባሮውን ፉከራ የሚፈታውም ይኸው የሰውነቱ አሠራር ነው። አዞ ጉሮሮው ላይ ክዳን አለው፤ ውሃ ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲነክስ ውሃ ወደ ሳንባው እንዳይገባ የሚዘጋ። በዚህ ምክንያት ውሃ ሥር መዋጥ አይችልም። ማኘክም አይችልም፤ ጥርሱ ለመያዝ እንጂ ለመፍጨት አልተሠራም። ስለዚህ ይሽከረከራል፣ ያናውጣል፣ ቆርጦ ለመዋጥ ደግሞ ራሱን ከውሃው በላይ ቀና ማድረግ አለበት። በዚያ ረቡዕ ዳር ቆመው ያዩት ሰዎች ትዕቢት የመሰላቸው የመዋጥ ችግር ነበር። የገዳይን ድርጊት እንደ መልእክት ማንበብ፣ ለእኔ ብሎ ነው ማለት፣ በሰው ገዳይም ላይ መርማሪዎችን ሲያሳስት የኖረ ነገር ነው።

ከተማዋ እዚያ ለምን ተተከለች?

ስለ ሟቾቹ ለማወቅ ከአዞው ይልቅ ከተማዋን ማየት ይጠቅማል። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ፈቅደው ነበር። የተመረጠው ጋምቤላ ነው፤ ምክንያቱም ከካርቱም ተነሥቶ በነጭ አባይ፣ በሶባት፣ ከዚያም በባሮ የሚመጣ የእንፋሎት ጀልባ ሊደርስ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ። ከዚያ በላይ ወንዙ ድንጋያማ ይሆናል። ጀልባዎቹ በክረምት ወራት ብቻ ይመጣሉ፣ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ጣቢያው በእንግሊዞች የሱዳን አስተዳደር እጅ ቆይቶ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ አበቃለት።

እንግዲህ ከተማዋ የተተከለችው ጥልቁ ውሃ በሚያልቅበት፣ ሰውና ወንዝ ፊት ለፊት በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው። ባሮን አኙዋዎች ኦፔኖ ይሉታል፤ ለእነርሱ መንገድም፣ የዓሣ ጎተራም፣ ማሳም ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል። ለኑዌር በበጋ የከብት ሕይወት ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሰፈራ ለመጡት የደጋ ገበሬዎች ደግሞ በምንጭና በጅረት የለመዱትን ልማድ ይዘው የተጋፈጡት ባዕድ ነገር ነበር። ዛሬ ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠግቷል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ውሃ የሚቀዱትም እነርሱ ናቸው።

ማታ ማታ ባሮ ዳር ብትወርዱ ይህን በአንድ ዕይታ ታዩታላችሁ። ከድልድዩ ግርጌ ባጃጁን ውሃ ውስጥ አስገብቶ የሚያጥብ አለ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች ራቅ ብለው ገላቸውን ይታጠባሉ። ልጆች ከማንጎ ዛፍ ሥር ሮጠው ይወረወራሉ። ቢጫ ጀሪካን የያዘች ልጅ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ትቀዳለች። ያ አቀማመጥ፣ ጎንበስ ያለ አካል፣ የተያዘ እጅ፣ ጥልቁ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አዞ የሚጠብቀው ነው።

የአካባቢው ሰው ይህን ለማወቅ ተመራማሪ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስለ ኑዌር የጻፈው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ አንዳንድ ጎሳዎች ለአዞ መንፈሳዊ አክብሮት እንዳላቸው መዝግቧል፤ ከብት ወንዝ ሲሻገር አዞው አፉን እንዳይከፍት የሚያስሩ አዋቂዎች እንዳሉም እንዲሁ። ይህን እንደ አጉል እምነት ብቻ ማየት የሥርዓቱን ግማሽ መሳት ይመስለኛል። አዋቂው ሥራውን እስኪጨርስ ማንም አይገባም፤ ከዚያ በኋላ መንጋው ተጠጋግቶ፣ ሰዉ እየጮኸ፣ ውሃውን እያናወጠ በአንድ ላይ ይሻገራል። አዞ የሚፈልገው ደግሞ ብቻውን የሆነውንና ዝም ያለውን ነው። ኦልሰን ሁለቱንም ነበር።

ከሌላ ወንዝ የመጣ ፊልም

እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሆሊዉድ ፊልም ፕራይሚቫል በሚል ርዕስ ሲወጣ ማስታወቂያው በታሪክ ብዙ ሰው ስለገደለ እውነተኛ ተከታታይ ገዳይ የሚናገር አድርጎ አቀረበው። ቁጥሩን ከ300 በላይ አደረሰው። ገዳዩ ሰው አለመሆኑን ግን አልተናገረም። ትኬት ቆርጠው የገቡት ብዙዎች መርማሪና ነፍሰ ገዳይ ሲጠብቁ ያገኙት አዞ ነበር። ፊልሙ መነሻ ያደረገው ጉስታቭ የተባለውን የብሩንዲ አዞ ነው፤ በሩሲዚ ወንዝና በታንጋኒካ ሐይቅ ዳርቻ ለዓመታት ሰው ሲያሸብር የኖረ፣ አናቱ ላይ ባለ ጠባሳ የሚለይ። ስሙን ያወጣለት ብሩንዲ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ፓትሪስ ፋዬ ነው። ፋዬ ትልቅ የብረት ወጥመድ አሠርቶ ሊይዘው ሞከረ፤ ወጥመዱ ውስጥ ማማለያ አስቀመጠ፣ ካሜራ ተከለ። ጉስታቭ ግን አልገባም። ማንም አልለካውም፣ ማንም ሆዱን አልከፈተም፤ ከስድስት ሜትር በላይ ነው የሚባለውም ከሩቅ በዓይን ተገምቶ ነው።

ታዲያ 300 ከየት መጣ? በእነዚያ ዓመታት ብሩንዲ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ። ሩሲዚ ሬሳ የሚጣልበት ወንዝ ሆኖ ነበር። በዚያ ሁኔታ ወንዝ ዳር ስለጠፋ ሰው ወዳጅ ዘመድ ሊጠይቅ የሚችልበት ቦታ የለም፤ ጠባሳ ያለበትና ስም የወጣለት አንድ አዞ ግን አለ። ሁሉም በእርሱ ላይ ተጻፈ። ፖሊሶችም ይህን ያውቁታል፦ አንድ የታወቀ ገዳይ ሲያዝ ያልተፈቱ መዝገቦች ሁሉ ወደ እርሱ ይጎርፋሉ፤ እርሱ ባይፈጽማቸውም ይዘጋሉ።

ቁጥር ወደ ላይ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኬንያ ውስጥ ጻቮ በሚባል ቦታ የባቡር ድልድይ ሲሠራ ሁለት አንበሶች ሠራተኞችን ለወራት ሲበሉ ቆዩ። ኢንጂነሩ ጆን ፓተርሰን ሁለቱንም ገደላቸው፤ ቆዳቸው በኋላ ተሽጦ ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ገባ፣ ዛሬም እዚያ ቆመው ይታያሉ። ፓተርሰን በመጽሐፉ የሞቱትን ሕንዳውያን የባቡር ሠራተኞች 28 ብሎ ቆጠራቸው። ስለ አፍሪካውያኑ ግን ብዙ እንደሆኑ፣ ይፋ መዝገብም እንዳልተያዘላቸው ጽፎ አለፈ። በኋላ ደግሞ ጠቅላላውን 135 አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከሙዚየሙ አንበሶች ፀጉርና አጥንት ናሙና ወስደው፣ እንስሳው ምን ይበላ እንደነበር የሚመሰክሩትን የናይትሮጅንና የካርቦን ዓይነቶች መረመሩ፤ የደረሱበት ግምት 35 ሰው ያህል ነው፤ አንደኛው አንበሳ 24፣ ሌላኛው 11። ከመቶ አሥር ዓመት በኋላ የአንበሳ ፀጉር መመርመር ያስፈለገው በወቅቱ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ብቻ ስለተቆጠሩ ነው። የደመወዝ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው በሟቾች መዝገብ ላይም አልነበረም።

የጋምቤላዋ ሴትና ሕፃኑም እንደዚያው ናቸው። አሜሪካዊው ከኋላው መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ድርጅት፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነበረው፤ ስለዚህ መዝገብ ተከፈተለት። እነርሱም የሚጠብቃቸው ቤተሰብ ነበራቸው፤ የሌላቸው ቀሪው ነው። ኦልሰን ይህን አልመረጠም፤ ሞቱም ከእነርሱ ሞት አያንስም። ነገር ግን የእርሱ መዝገብ ባይከፈት ኖሮ እነርሱ በጎን እንኳ አይጠቀሱም ነበር።

ካርታው ላይ

በቫንኩቨር ፖሊስ መርማሪ የነበረው ኪም ሮስሞ ተከታታይ ገዳዮችን ለመያዝ የሚረዳ ስሌት በማዘጋጀት ይታወቃል። ግድያ የተፈጸመባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ያሰፍርና ገዳዩ የሚነሣበትን፣ መልሕቅ የጣለበትን ነጥብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ዘዴ ከባሕር ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ደቡብ አፍሪካ ፎልስ ቤይ ውስጥ አቆስጣ በሚያድኑ ነጭ ሻርኮች ላይ ሞከረው። ሠራ። ሻርኮቹ ዝም ብለው አይንከራተቱም፤ የሚያደቡበት ነጥብ አላቸው፤ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ይልቅ ወደዚያ ነጥብ ይሰበሰባሉ፣ ይሳካላቸዋልም።

ይህን ወደ ባሮ ብናመጣው የሚወጣው ውጤት ለአዳኝ አያስደስትም። አንድን ትልቅ አዞ ከጥሩ ቦታው ብታስወግድ ቦታው ባዶ አይቀርም። የናይል አዞ ለግዛቱ የሚዋጋ እንስሳ ነው፤ ትልቁ ሲሞት ያባረረው ሁለተኛ ይተካል። ተተኪውም ያንኑ ጠርዝ፣ ያንኑ ጥልቅ፣ ያንኑ ጎንበስ ያለች ልጅ ያገኛል። ሉቲ የገደለው አዞ ሕፃኑንና ሴቲቱን የወሰደው ራሱ ይሁን ሌላ፣ ሦስቱ ግድያዎች አንድ ወንዝ ዳር ነው የሚገናኙት፤ ነዋሪዎቹም ያመለከቱት ወደዚያው ነው። ደጋግሞ የሚገድለው ቦታው ነው ማለት እደፍራለሁ። አዞው ተረኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 አርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ አባያ ሐይቅ ውስጥ ምዕመናንን ሲያጠምቅ የነበረ ፓስተር በአዞ ተይዞ ሞተ። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ፤ ጥምቀትና አዞ አንድ ላይ መምጣታቸው ለአርታኢዎች የማይገኝ ነገር ሆኖ። በዚያው ሐይቅና በጎረቤቱ ጫሞ መረብ ሲጥሉ የሚወሰዱ ዓሣ አጥማጆች ግን ለዜና አይበቁም። አርባ ምንጭ በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተቋቋመ፣ አዞ እያሳደገ ቆዳውን የሚሸጥ ማዕከልም አላት፤ እንቁላሉና ጫጩቱ የሚሰበሰበው ከአካባቢው ሐይቅ ነው። አንድ አገር ውስጥ አዞ ሀብት፣ ጥበቃ የሚደረግለት አውሬና ገዳይ ሆኖ ሦስት ቢሮ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ሦስቱ ቢሮዎች ቢገናኙ ይጠቅማል።

ያለ ጥይት የሚሠራ መፍትሔ ሌላ አገር ታይቷል። ስሪላንካ ውስጥ መንደሮች በሚታጠቡበት ዳርቻ ላይ ውሃው ውስጥ እንጨት ወይም ብረት ተክለው ያጥራሉ፤ ኪምቡላ ኮቱዋ ይሉታል፣ የአዞ አጥር ማለት ነው። ሰው በአጥሩ ውስጥ ይታጠባል፣ ይቀዳል፤ አዞው ወንዙን ይዞ ይኖራል። አጥሩ ካልተጠገነ ግን ካለመኖሩ የባሰ ነው፤ ሰውን አዘናግቶ ያስገባል። ባሮ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ ኢታንግን፣ ላሬን፣ ጂካዎን ያጥለቀልቃል፤ አዞም ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ አጥሩ ደግሞ በጎርፉ ይወሰዳል። ለዚህ ነው እኔ ከአጥር ይልቅ ጉድጓድንና ቦኖን የማስቀድመው። ውሃው ወደ ሰፈሩ ከመጣ ልጅቷ ወደ ጠርዙ የምትሄድበት አንዱ ምክንያት ይቀንሳል። መታጠቡ፣ ዓሣ ማጥመዱ፣ ከብት ማጠጣቱ ይቀራል፤ እነሱን በአንድ ጉድጓድ አታስቀርም።

የት ይቆፈር የሚለው ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ የ1958ቱ መዝገብ ያጎደለውን ዛሬ መሙላት ይቻላል። ሞት በቀበሌ እንዲመዘገብ ሕግ አለ፤ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ወንዝ ዳር ያለ ቀበሌ አንድ ሰው በአዞ ሲሞት ወይም ሲቆስል ከስሙ ቀጥሎ አራት ነገር ቢጽፍ ይበቃል፦ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ዳርቻ ላይ፣ ምን ሊሠራ ወርዶ ነበር፣ ለቤቱ የሚቀርበው ቦኖ ወይም ጉድጓድ ምን ያህል ይርቃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዚያ ዝርዝር ካርታ ይወጣል፤ ነጥቦቹ የሚጠጋጉበትን ቦታ ለማየት የሮስሞ ስሌት እንኳ አያስፈልግም። የክልሉ ውሃ ቢሮ ቀጣዩን ጉድጓድ ከዚያ መጀመር ይችላል፤ የዱር እንስሳት ባለሙያውም የትኛው አዞ ይገደል ከማለቱ በፊት የትኛው ዳርቻ ይዘጋ ብሎ መጠየቅ ይችላል።